የእኅቴ ገንዘብና የላሙ ደሴት



ውድ አንባቢያን፣ እኔ ደመወዙ ወር የማያደርሰው መምህር ነኝ። ለሽርሽር ብዬ ከከሚሴ ተነሥቼ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር የምወርድ ሰው አልነበርኩም። የወረድኩት ታላቅ እኅቴ ልካኝ ነው።

እኅቴ ጅዳ በሰው ቤት እየሠራች በዐሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመቻት ገንዘብ አለች። ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ ደወለችና "ላሙ የሚባል አገር ታውቃለህ?" አለችኝ። "ኬንያ ውስጥ ያለ ደሴት ነው። የኢትዮጵያ ወደብ እዚያ ተሠርቷል አሉ። ናይሮቢ የሚኖር አንድ ያገራችን ልጅ ቦታ ያሻሽጣል። ዛሬ የያዘ ያዘ፣ ነገ ዋጋው አይቀመስም ይላል።" የካርታውንም ፎቶግራፍ በስልክ ላከችልኝ። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው። የታጣው ቦታውን ያየ ሰው ብቻ ነበር።

"እታለም፣ በሬ እንኳ ጥርሱ ታይቶ ነው የሚገዛው" አልኳት።

"እንግዲያው አንተ እይልኝ። ክረምት ትምህርት የለህም" አለች፤ በሳምንቱም የመሳፈሪያውን ላከች።

መንገዱን ባጭሩ ልለፈው። ሁለቱ አገሮች ከቆየ ስምምነታቸው የተነሣ ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ፓስፖርት ግን የግድ ነው። ከሞያሌ ናይሮቢ አስፋልት፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ ባቡር አለ። ከሞምባሳ በማሊንዲና በጋርሰን አድርጎ ወደ ሰሜን የሚወስደው አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ገንዘብ ያለው ከናይሮቢ በአውሮፕላን ማንዳ ደሴት ወርዶ በጀልባ ይሻገራል። እኔ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ አልተጸጸትኩምም። ጋርሰን ላይ ከብት የሚነዱ ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁና ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ቋንቋው ከሚሴ ያደግሁበት ኦሮምኛ ነው። አነጋገራቸው ከእኛ ቢለይም ውኃውን፣ ወተቱን፣ ላሙን የሚጠሩበት ስም ገባኝ። ኦርማ ይባላሉ፤ በጣና ወንዝ ዳርና በላሙ ምድር የሚኖሩ ሙስሊም አርብቶ አደሮች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ ሰላምታዬን ሲሰሙ "ከየት ነህ?" ብለው ጠየቁኝና ከሰሜን ከሩቅ እንደመጣሁ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የአያቶቻቸው አያቶች ከዚያው ወገን እንደወረዱ ሰምተዋል።

ከጋርሰን ወዲያ ፍተሻው ይበዛል። ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ምፔኬቶኒ በተባለችው የላሙ ከተማና በአካባቢዋ አልሸባብ ከ60 በላይ ሰዎች ገድሏል። በጥር 2020 ደግሞ ማንዳ ቤይ ያለው የጦር ሰፈር ተጠቅቷል። ደሴቷ ራሷ ጸጥ ያለች ብትሆንም ጦሱ ለእርሷም ተርፏል። ጎብኚው ሸሸ፤ በሌሊት እያጠመደ የሚያድረው ዓሣ አጥማጅ ለዓመታት በሌሊት ባሕር እንዳይወጣ ተከለከለ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሰሞኑን ሁኔታ ጠይቆ፣ በቀን ተጉዞ፣ ወደ ሶማሊያ ድንበር ያለውን የቦኒን ደን ትቶ ይሂድ።

ሞኮዌ ላይ መሬቱ ያልቃል። አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ ጀልባ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ያህል በማንግሮቭ ጫካ መካከል ተጓዝን። ማንግሮቭ ሥሩን ጨው ውኃ ውስጥ ዘርግቶ የሚቆም ዛፍ ነው፤ ከኬንያ የማንግሮቭ ደን ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚሁ ላሙ ነው። ግንዱ ምስጥ አይደፍረውም። ጥንት በሸራ መርከብ ተጭኖ ዛፍ ወደሌለው ወደ ዐረብ አገር ይሄድና ለቤት ጣሪያ ይሆን ነበር። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች። ነፋሱ ግን አሁንም አለ። ከኅዳርና ታኅሣሥ ጀምሮ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ካስካዚ፣ ከሚያዝያ በኋላ ከደቡብ የሚነፍሰውን ኩሲ ይሉታል። ዐረቡ ነጋዴ በካስካዚ መጥቶ በኩሲ ይመለስ ነበር። እኔ የደረስኩት በኩሲ ጊዜ ስለነበረ ባሕሩ ይናወጣል፤ በጀልባው ላይ ያሳየሁትን የወሎ ጀግንነት እዚህ አልተርከውም።

ከዚያ ከተማይቱ ብቅ አለች። ነጭ በነጭ ሆና ከውኃው ጋር ተጣብቃለች። ከ700 ዓመት በላይ ሰው ሳይለያት የኖረች ናት፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ፕዋኒ የሚባለው መስጊዷ የ1370 ጽሑፍ አለው። ቤቶቹ በኮራል ድንጋይና በኖራ ታንጸው በማንግሮቭ እንጨት ተደፍነዋል። መንገዱ ሁለት ሰው እጁን ቢዘረጋ ግራና ቀኙን የሚነካው ነው። መኪና አይገባም፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሞተር ብስክሌት መምጣቱ የአገሬውን ሰው አከራክሯል። ሲሚንቶውንም፣ የመጠጥ ውኃውንም፣ የሙሽራይቱንም ዕቃ የሚሸከመው አህያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአህያ ሐኪም ቤት አላቸው። ይህን ለከሚሴ አህዮች ብነግራቸው ተሰብስበው ይሰደዱ ነበር።

ማረፊያዬን ያገኘሁት በአንድ መምህር ቤት ነው። ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ፣ ከዐሥር በኋላ በመድረሳ ቁርኣን ያስተምራል። የእኔው ዕጣ ነውና ወዲያው ተግባባን። እኔ ስዋሂሊ አላውቅም፤ እርሱ አማርኛ አያውቅም። ነገር ግን ዱንያ፣ አኺራ፣ ሪዝቅ፣ ኸይር፣ ኪታብ የምንላቸውን ቃላት እነርሱም ይሏቸዋል፤ ባሕርንም "ባሃሪ" ይሉታል። የቀረውን በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ሞላነው።

ቤቱን በጥቂቱ ልግለጽላችሁ፤ ለቤተሰብ የታሰበ ቤት ምን እንደሚመስል ከዚያ ተምሬያለሁና። ከበሩ ውጭ በግራና በቀኝ የድንጋይ መደብ አለ። እንግዳው፣ ነጋዴው፣ ሐሜተኛውም እዚያ ይቀመጣል። በሩ ሲከፈት ወደ ውስጥ አይታይም፤ መግቢያው ታጥፎ ነው ወደ ግቢው የሚዘልቀው። ከዚያ ሰማይ የሚታይበት ትንሽ ግቢ፣ ከግቢው ወዲያ ጠባብና ረጃጅም ክፍሎች አንዱ ካንዱ ኋላ ይከተላሉ። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር የቤተሰቡ ገመና ይጠበቃል፤ የመጨረሻው የሴቶቹ ነው። ግድግዳው በኖራ የተቀረጹ ትናንሽ ኪሶች ሞልተውበታል፤ ኪታብና ሸክላ ይቀመጥባቸዋል። የመምህሩ እናት ከውስጥ ሆነው በኮኮነት ወተት የተሠራ ዓሣና ሩዝ ይልኩልናል። ቡናቸው በዝንጅብል የተፈላ መራራ ነው፤ በተምር ይጠጡታል። "ቡና ከእኛ አገር ነው የመጣው" አልኩት። "እናንተ ላካችሁት፣ እኛ ዝንጅብል ጨመርንበት" አለኝ። ዝንጅብሉን እኛም እንደምንጨምር ስነግረው አላመነም።

ከዚሁ ደሴት ወጣ ብላ ባለችው በፓቴ ደሴት ምዋና ኩፖና የተባለች እናት እ.ኤ.አ. በ1858 ለሴት ልጇ ምክር በግጥም ጽፋ ነበር። እስከ ዛሬ ይነበባል። ያን ጊዜ ሴት ልጅ እንድታነበው ብሎ የሚጽፍ ሰው በእኛ አገር ስንት ነበር?

ዐሱርን ሪያዳ መስጊድ ሰገድን። ይህን መስጊድ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም የመሠረቱት ከኮሞሮ ደሴቶች የመጡት ሐቢብ ሷሊሕ ናቸው። ላሙ ያን ጊዜ በዘር የተከፋፈለች ከተማ ነበረች። የብስ ላይ ያለውን እርሻ የሚያርሱት ባሪያዎች ነበሩ፤ ኬንያ ውስጥ ባርነት በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። በትልልቆቹ ቤቶች ዘንድ ዕውቀት የወግ ዕቃ ነበር። ሐቢብ ሷሊሕ የባሪያውን ልጅና ድኃውን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ ትልልቆቹም ቅር ተሰኙ። ዛሬ በረቢዑል አወል መጨረሻ ሳምንት የመውሊዱ ጉባኤ የሚሰበሰበው ከዚያው መስጊድ ነው፤ ከኮሞሮም ከታንዛኒያም ይመጣሉ። በመውሊድ ጉዳይ ዑለማዎች የሚሉትን እዚህ አላነሣም። የሰሙኑን የአህያና የጀልባ ውድድር ግን ልጆች ያሏቸው አንባቢያን ቢያዩት ይደሰቱበታል። እኔን እንደ መምህር የመሰጠኝ፣ የከተማይቱ ስም በዓለም የሚጠራው በትልልቆቹ ቤቶች ሳይሆን በዚያ የድኃ ልጆች ጀማ መሆኑ ነው።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ ወደ ማንዳ ደሴት ወሰደኝ። "ቦታ ከመግዛትህ በፊት ታክዋን እይ" አለኝ። ታክዋ በግንብ የታጠረች ከተማ ነበረች፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ሰው ለቆ ወጣ። ዛሬ መስጊዷ ጣሪያ የለውም፤ ባኦባብ በቅሎበታል። ለምን ተለቀቀች ቢባል የጉድጓዱ ውኃ ጨው ሆኖ ነው ይላሉ፤ ጦርነትም ይጨምሩበታል። ፓቴ ደሴት ላይ ያለችው ሻንጋ ከዚህም ትበልጣለች። በ1980ዎቹ ማርክ ሆርተን የተባለው የእንግሊዝ አርኪዮሎጂስት ሲቆፍራት፣ ከድንጋዩ መስጊድ ሥር በእንጨት የተሠሩ ሌሎች መስጊዶች ተነባብረው ተገኙ፤ የታችኛው የ8ኛው መቶ ዓመት ነው። እርሷም ባዶ ናት።

"እዚህ አገር ውኃ ነው ባለቤቱ" አለ መምህሩ። ላሙ የምትጠጣው ሼላ በተባለው መንደር በኩል ያለው የአሸዋ ክምር ያጠራቀመውን ዝናብ ነው። ዝናቡ በአሸዋው ሠርጎ ከጨው ውኃው በላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። ከልክ በላይ የተቀዳ እንደሆነ ጨዉ ከታች ይወጣል። በሼላ አውሮፓውያን የድሮ ቤቶችን እየገዙ አሳምረዋል፤ ዳርቻው 12 ኪሎ ሜትር የሚደርስ አሸዋ ነው፣ ውብ ነው። ግን እያንዳንዱ አዲስ መዋኛ ገንዳ የሚሞላው ከዚያው አሸዋ ሥር ነው። ደላላው ለእኅቴ ስለ ውኃ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አሁን ወደ ወደቡ እንምጣ፤ የመጣሁበት እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 2012 የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር ላሙ ላይ ተገኝተው የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። ላፕሴት ይሉታል፤ ወደብ፣ መንገድ፣ ባቡር፣ የነዳጅ ቧንቧ ያለበት ዕቅድ ነው። 32 የመርከብ ማረፊያ ታቅዶ የመጀመሪያው በግንቦት 2021 ተከፈተ፤ ሁለት ደግሞ ተከተሉት። ማረፊያዎቹን በጀልባ ሆኜ አየኋቸው። ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል የተባለው ባቡር አልተሠራም፤ የእኛም ዕቃ በአብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ነው። "የኢትዮጵያ ወደብ" የሚለው የደላላ ቋንቋ ነው። ወደቡ የኬንያ ነው።

ወደቡ ሲቆፈር ኮራሉና የማንግሮቩ ጫካ ተነካ፤ ዓሣ አጥማጆች ሥራ አጡ። ፍርድ ቤት ሄደው እ.ኤ.አ. በ2018 ከ4 ሺህ በላይ ለሚሆኑ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን ሽልንግ ካሣ ተፈረደ። ከወደቡ አጠገብ 1,050 ሜጋ ዋት በድንጋይ ከሰል የሚያመነጭ ጣቢያም ታስቦ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ተከራክረው በሰኔ 2019 የአካባቢ ጉዳይ ችሎት ፈቃዱን ሠረዘው። የደሴት ሰው ዝምተኛ ይመስላል እንጂ ሐቁን አይተውም።

መሬቱ ላይ ግን ሐቁ ተድበስብሷል። ብዙው የአገሬ ሰው በአባቱ ይዞታ የሚኖር እንጂ ካርታ የለውም። የወደቡ ወሬ ከተሰማ ወዲህ ካርታው ከሰዎቹ ቀድሞ ሌላ እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በ2011 እና በ2012 ለ22 ኩባንያዎች የተሰጠ 500 ሺህ ኤከር፣ ማለትም ከ200 ሺህ ሄክታር በላይ የላሙ መሬት እንዲሠረዝ አዘዋል። በዚያ ላይ የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ግልጽ ነው። የውጭ አገር ዜጋ ኬንያ ውስጥ መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ፣ ያውም ከ99 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ነው። የእኅቴን ወረቀት መምህሩ የሚያውቀው ጠበቃ ዘንድ ወሰድነው። ገና አንድ ጊዜ አይቶ ሳቀ። ወረቀቱ የዘላለም ይዞታ ይላል። "እኅትህ ኬንያዊት ናት?" አለ። "አይደለችም።" "እንግዲያው ይህ በእርሷ ስም ሊዞር አይችልም። በሌላ ሰው ስም ሆኖ እርሷ ገንዘቡን ብቻ ትከፍላለች።" በመሬት መዝገብ ቤት ቁጥሩ እንዲጣራም አመለከትን።

መልሱ እስኪመጣ ቦታውን ልናይ በሞተር ብስክሌት ወደ የብሱ ሄድን። ደላላው በስልክ ምልክት ሰጥቶናል፤ ከአስፋልቱ በስተግራ፣ ትልልቅ ማንጎዎች ያሉበት። ደረስን። ማንጎዎቹ አሉ። ሰሊጥ በመስመር ተዘርቷል። ቀይ ቀለም የተቀባ የድንበር ድንጋይ ሰሊጡ መካከል ተተክሏል። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አድርገው አረም ይነቅላሉ። ሰላም አልናቸው፤ መምህሩ ያስተረጉመኝ ጀመር።

"ማንጎውን ማን ተከለው?" አልኩ።

"አባቴ ናቸው፤ አላህ ይማራቸው። ይህን ግን እኔ ነኝ" ብለው አንዱን በጣታቸው አሳዩ።

"ድንጋዩንስ?"

"እርሱን ሰዎች በመኪና መጥተው ተከሉት። ከዚያ ሌሎች መጥተው አዩት። አንተ አራተኛው ነህ።" ትንሽ ዝም አሉና "ገዢው አንተ ነህን?" አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። ለዚህ መልስ አጣሁ። አዎ እንዳልል አፍሬያለሁ፤ አይደለሁም እንዳልል የእኅቴ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው። ሽማግሌው አልተቆጡም። እሸት ኮኮነት በገጀራ መትተው ውኃውን ሰጡኝ። "ጠጣ፤ መንገደኛ ነህ" አሉ። ጠጣሁት፤ ጣፋጭ ነው፤ ጉሮሮዬ ላይ ግን ቆመ።

በማግስቱ ከመዝገብ ቤት መልስ መጣ። ቁጥሩ የዚያ ቦታ አይደለም።

ማታ በባሕሩ ዳር በቀድሞው ምሽግ አጠገብ ተቀምጬ እኅቴን ደወልኩላት። ምሽጉ እ.ኤ.አ. በ1821 ተሠርቶ ያለቀ፣ ኋላም እስከ 1984 ወህኒ ቤት የነበረ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ሽማግሌውንም፣ ኮኮነቱንም። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም።

"እታለም፣ አለሽ?"

"አለሁ። ቀብድ ከፍዬለት ነበር" አለች።

"መቼ?"

"አንተ ሳትነሣ። እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።"

መጠኑን አልጽፈውም፤ የእርሷ ነው። የሁለት ዓመት ላቧ ይሆናል። ለደላላው ደወልን፤ መጀመሪያ ቀን አነሣ፣ ቀጥሎ ስልኩ ዝግ ሆነ፤ እስካሁን እንደተዘጋ ነው። ናይሮቢ ያሉ ዘመዶቻችን እየፈለጉት ነው። የቀረውን ገንዘቧን ወለድ በሌለበት ሒሳብ ኮምቦልቻ አስቀምጠነዋል።

መምህሩ በበኩሉ ሌላ ሐሳብ ነበረው። እዚያ አገር ጀልባ የሚገዛ አንድ፣ የሚያጠምደው ሌላ ሆኖ የተገኘው ዓሣ ለባለ ጀልባውና ለአጥማጆቹ በየድርሻው ይከፈላል። በረዶ ቤትም ያስፈልጋቸዋል፤ ዓሣው በሙቀቱ ይበላሻል። "ገንዘብ ያለው ሰው ከሰው ጋር ይሥራ፤ መሬቱ የትም አይሄድ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ጅዳ ላለ ሰው ባሕር ላይ ያለ ጀልባ ማን ይቆጥርለታል? እኔም መምህር እንጂ ነጋዴ አይደለሁም። ተውኩት።

ሰሞኑን እኅቴ እንደገና ደወለች። ስለ ደላላው ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር።

"ደሴቱ ግን ያምራል?" አለች።

"ያምራል።"

"ውኃው ሰማያዊ ነው?"

"ጠዋት ሰማያዊ ነው፤ ወደ ማታ አረንጓዴ ይሆናል።"

"እንግዲያው ስመጣ በእኔ ወጪ ትወስደኛለህ። በጥር፤ ባሕሩ በማይናወጥበት። ለእኒያ ሽማግሌም አንድ ኩታ እይዝላቸዋለሁ።"